የማይ ጊቭሞር ስም

ባንኩ ራሱ ከሐራሬ ድረስ መጣልን። ቅዳሜ ጠዋት ጆሃንስበርግ፣ መዘምራኑ በሚለማመዱበት የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ እዚህ ለምንሠራ ዚምባብዌያውያን በአገር ቤት የዶላር ሂሳብ ይከፍትልን ጀመር። እስከዚያ ድረስ ገንዘባችንን የሚያደርስልን የአውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ የሚቀበለው ደግሞ ቤት የቀረ ወንድም። ስለዚህ ሰልፉ እስከ ውጭ ደርሷል።

አብራኝ የምትኖረው ሙቻኔታ ከፊቴ ቆማለች። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ እጇ ፈጣን፣ አፏ ቁጥብ ነው። ያን ቀን ግን አንገቷ አላርፍ አለ፤ አንዴ በሩን፣ አንዴ ሰልፉን ታያለች።

«ምን ሆነሻል? ባንኩን ልትዘርፊ ነው እንዴ?» አልኳት።

«የጉቱ ሰው እንዳያየኝ ነው፣ ማይ ራቪሮ።»

ማይ ራቪሮ እኔ ነኝ፤ የራቪሮ እናት። እኛ ጋ ሴት ልጅ ወልዳ ስታበቃ የገዛ ስሟን የሚያነሳላት የለም።

ሙቻኔታ የምትደበቅበት ምክንያት ነበራት። ጉቱ ገጠር ያሉት እናቷ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ማስገፈፊያ ብላ የላከችውን ገንዘብ ታላቅ ወንድሟ ጊቭሞር ተቀብሎ ሞተር የሌለው ሰማያዊ ፒክአፕ ገዛበት። ዛሬ ዶሮዎች ይታቀፉበታል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ እሷን የወለደ ማህፀን እሱንም ወለደ። ሙቻኔታ ተናደደችና «ፋብሪካው ቆሟል፣ ደሞዝ የለም» ብላ ቤተሰቡን ሁሉ ዋሸች፤ እናቷንም ጭምር።

መጀመሪያ ላይ «በድብቅ ለአማይ ዓይን አጠራቅማለሁ» ነበር የምትለው። አማይ የምትለው እናቷን ነው። በኋላ ማስቪንጎ ከተማ ዳር የሚሸጥ የቤት ቦታ ፎቶ በስልኳ ደረሳት። ከዚያ ወዲህ ሳድዛ ስናገነፋ የምታወራልኝ ስለ በረንዳና ስለ ማንጎ ዛፍ ሆነ።

«ያንቺ ነገር አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው» እላታለሁ። «ያጠፋው ጊቭሞር፣ የምትቀጪው እናትሽን።»

«ቦታው እንዳያመልጠኝ ብዬ እንጂ ዓይናቸውንም አሳክማለሁ። ትንሽ ቆይቼ።»

«ዓይን ደግሞ ወረፋ ይጠብቃል?»

እሷ ድስቱን መፈተግ ትጀምራለች።

ተራዋ ደረሰ። የባንኩ ልጅ ታፔራ ይባላል፤ ክራባት ያነቀው፣ ተጫዋች ልጅ ነው። መታወቂያዋን አየ፣ ፎቶ አነሳት፣ ከዚያ እንዲህ አላት፦ «ገንዘቡን የምታዢው ከዚሁ ሆነሽ በስልክ ነው። በደወልሽ ቁጥር አንቺ መሆንሽን የምናረጋግጥበት ጥያቄ አለ። የእናትሽ ስም ማን ነው?»

«ማይ ጊቭሞር።»

ልጁ በሳቅ ፈረሰ። «እህቴ፣ እንደሱማ ከሆነ የኔም እናት ማይ ታፔራ ናቸው! ጊቭሞርን ሳይወልዱ በፊት ማን ይባሉ ነበር?»

ሙቻኔታ ስሙን አታውቀውም። አትፍረዱባት። ሟቹ አባቷ እንኳ ሚስታቸውን «አንቺ የጊቭሞር እናት» ሲሉ ነው የኖሩት። የእናቷ መታወቂያ በሻሽ ተቋጥሮ ሣጥን ውስጥ ነው። ልጅ የእናቷን ስም መጥራት ነውር ነው፤ የማትጠራውን ስም ደግሞ ምን ብላ ትጠይቅ?

«የኔን ስም አስመዝግቢና እንገላገል» አልኳት።

«በእናቴ ቦታ የሌላ ሴት ስም? ኧረ እኔ ይሄን ያህል አልከፋሁም!»

ገንዘቡን ነፍጋ ለስሙ ተጨነቀች፤ ጉድ እኮ ነው። ሰልፉን ለቀን ጥግ ያዝንና ደወለች። የስልኳ ጆሮ ከተበላሸ ቆይቷል፣ በድምፅ ማጉያው ካልሆነ አይሰማም።

«አማይ፣ እንዴት አደሩ?»

«አንቺ ደህና ካደርሽ እኔም ደህና አድሬያለሁ።»

«አማይ… ስምዎን ፈልጌ ነበር።»

«ስሜን? ምን ያደርግልሻል? ሞታለች ተባለ እንዴ?»

«አይ፣ ሐኪም ቤት ነው። የዓይን ሐኪም ቤት። ላስመዘግብዎት ብዬ…»

ውሸቱን አስባ የመጣች አይመስለኝም፤ አምልጧት ነው። ካመለጣት በኋላ ግን አልመለሰችውም። እናቷ እልልታቸውን ለቀቁት፤ ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየን።

«ሥራም ሳይኖርሽ! ልጄ፣ ተበድረሽ ነው አይደል? ኔትሳይ በያቸው። ኔትሳይ! እናቴ ጎረቤቶቿን አስቸግሪልኝ ስትል ያወጣችልኝ ነው። እሷ ከሞተች ወዲህ ማንም ጠርቶኝ አያውቅም። እንዳትሳሳቺ፣ እስቲ በይው ልስማሽ።»

«አማይ፣ ነውር ነው።»

«ባለስሟ ፈቅጄልሻለሁ አይደል?»

«ኔት… ኔትሳይ።»

«አቤት!» አሉ እናቷ፣ እንደ ልጃገረድ እየሳቁ። «በይ ረቡዕ ረቡዕ የዓይን ሐኪሙ እኛ ጋ ይመጣል። እሄድና እስኪጠሩኝ እጠብቃለሁ።»

ሂሳቡ ተከፈተ፤ በድብቅ ያጠራቀመችውንም እዚያው አስገባች። ታፔራ እጇን ጨብጦ «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት። ወደ ቤት ተመልሰን በራችን ላይ ስንደርስ ቆም አለች።

«ሰይጣን ነኝ እንዴ፣ ማይ ራቪሮ?»

«ሰይጣን እንኳ የሚዋሻት እናት የለውም» አልኳት። ምን ልበላት? ደውላ እውነቱን እንድትናገር ነገርኳት፤ «ነገ» አለች።

ሰኞ ዕለት ባለቦታው ሌላ ገዢ መጥቶልኛል አላት። ወዲያው ባንክ ደወለች። አንዲት ድምፀ መልካም ሴት የእናቷን ስም ጠየቀቻት። ሙቻኔታ ወደ ግድግዳው ዞረችና መራራ መድኃኒት እንደምትውጥ ሁሉ «ኔትሳይ» አለች። በዚያኛው ጫፍ «አቤት» ያለ የለም። «አመሰግናለሁ፣ ትክክል ነው» አለች ሴትዮዋ። የዓይኑ ገንዘብ ማስቪንጎ ገባ። ሙቻኔታ የቦታውን ፎቶ ከስልኳ ላይ አጠፋችው፤ ማየት አስጠላኝ አለች።

ረቡዕ ወደ ማታ ግድም ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናቸው።

«ሙቻ፣ ሐኪም ቤት ነኝ። ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። አሁን ሊዘጉ ነው።»

ሙቻኔታ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። «ንገሪያቸው!» ብዬ በጉልበቴ ገፋኋት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ እናቷ ግን ቀደሟት።

«ጥፋቱ የኔ ነው መሰለኝ። ብዙ ስም ሲጠሩ ነበር፤ ኔትሳይም ብለው ይሆናል። ያን ስም ከተለያየሁት ስንት ዘመኔ! ሌላ ሴት የጠሩ መስሎኝ ዝም ብዬ ይሆናል። የተነሳችውን እንዳላይ ዓይን የለኝ። አትቆጪኝ ልጄ፤ ገንዘብሽን አባከንኩብሽ።»

«አማይ…»

«ለሚቀጥለው ግን ማይ ጊቭሞር ብለው ይጥሩኝ በያቸው። እሱን እሰማለሁ።»

ሙቻኔታ በመዳፏ ዓይኗን ጨፈነች።

«እሺ አማይ» አለች። «እነግራቸዋለሁ።»