የእትዬ ሚዶ ሰኞዎች

እትዬ ሚዶ ሐሙስ ጠዋት አረፉ። ሚዶ የቅጽል ስማቸው ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እንኳ ከሻሻቸው ሥር አንዲት የእንጨት ሚዶ ተሰክታ ትታይ ስለነበር፣ ሰፈሩ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ በሌላ ስም ጠርቷቸው አያውቅም። ልባቸው ደክሞ ሁለት ወር ተኝተው ነበር። የመጨረሻዋን ቀን «እኔ ተዘጋጅቻለሁ፣ እናንተ ብቻ አትንጫጩብኝ» ብለው ልጆቻቸውን እያስለቀሱም እያሳቁም ሄዱ።

ቀብሩ ለቅዳሜ ተቀጠረ። ታላቅ ልጃቸው ሳጥኑንም ድንኳኑንም እንግዳውንም በራሱ ላይ ጭኖ ሲሯሯጥ፣ ለታናሽ እህቱ አንድ ነገር ብቻ አስቀረላት።

«ሚጣ፣ የሕይወት ታሪኳን አንቺ ጻፊ። ደብዳቤ መጻፍ ሥራሽ አይደል?»

ሚጣ አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። የሁለት ልጆች እናት ናት፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥም ጸሐፊ ናት። የመጨረሻ ልጅ ሆና ተወልዳ እስከ ዛሬ ሚጣነቷ አልለቀቃትም።

ቤቱ በለቀስተኛ ስለተሞላ ዓርብ ጠዋት ወረቀቷን ይዛ ወደ እናቷ ጸጉር ቤት ሄደች። ጠባብ ክፍል ናት፤ ሁለት መስታወት፣ ሦስት ወንበር፣ በየቀለሙ ተለይቶ በብስኩት ቆርቆሮ የተቀመጠ የጸጉር መጠቅለያ ቢጎዲን። ከሁለቱ የጸጉር ማድረቂያ ካስኮች አንዱ ከተቃጠለ ቆይቷል፤ እትዬ ሚዶ ግን «የቦርሳ መስቀያ ይሆናል» ብለው አልጣሉትም። ጓዳው ውስጥ ሠራተኛቸው ፎጣ ታጥባለች። ዘጠኝ ዓመት አብራቸው ስትሠራ ከ«ቀዝቃዛ ነው?» እና ከ«ጨርሻለሁ» ሌላ ቃል የሰማባት ደንበኛ ስለሌለ፣ ሁሉም ዝምታ ነው የሚላት።

ሚጣ ጻፈች። ተወለዱ፣ አገቡ፣ ሁለት ልጅ ወለዱ፣ ጸጉር ቤት ከፈቱ፣ ፈጣሪያቸውን ይወዱ ነበር። አምስት መስመር ሆነና ቆመ። አነበበችው። ይሄማ የማንም ሰው ታሪክ ነው።

ደግሞም የቆየ ቂም ነበራት። ጸጉር ቤቱ ሰኞ ሰኞ ይዘጋል። የሌላ ሰው እናት በዕረፍት ቀኗ ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ ስታጫውት፣ የሚጣ እናት ግን ቦርሳቸውን አንጠልጥለው «ለጸሎት ነው» ብለው ይወጡና ሲመሽ ይመለሳሉ። ሚጣ አሥር ዓመቷ ሳለ በንባብ አንደኛ ወጥታ ትምህርት ቤት ስትሸለም ቀኑ ሰኞ ነበር፤ እናቷ አልመጡም። ካገባች በኋላ ለባሏ «በእግዜር የቀናሁ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም» ብላው ስቋል። እሷ ግን አልሳቀችም።

በሩ ተንኳኳ። የደንብ ልብስ የለበሰች ሴት ፖሊስ ናት።

«ዛሬ አንሠራም፣ ሐዘን ላይ ነን» አለች ሚጣ።

«አውቃለሁ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እኔ ከሴቶች ማረሚያ ቤት ነኝ። ታራሚዎቹ ለቀብር መውጣት አይችሉም፤ ይሄን አድርሽልን ብለውኝ ነው።»

ሚጣ የታጠፈውን ወረቀት ዘረጋችው። «ሰኞ ሰኞ ሰው መሆናችንን ላስታወሱን እናታችን» ይላል። ከሥሩ ከላይ እስከ ታች ፊርማ ነው፤ መጻፍ የማትችለዋ አውራ ጣቷን አትማለች።

«ተሳስተሽ እንዳይሆን። እናቴ ሰኞ ሰኞ ለጸሎት ነበር የምትሄደው።»

ፖሊሷ ፈገግ አለች። «መቼ ዋሹ! እጃቸው ይሠራል፣ አፋቸው ይጸልያል። መሀል ላይ ቀልድ ጣል ያደርጉና አሜኑና ሳቁ ይደባለቃል። በማግስቱ ፍርድ ቤት የምትቀርብ ካለች መጀመሪያ የሚሠሩት እሷን ነው። ‹ዳኛ ፊት ተንጨባርረሽ አትቆሚም፣ ቀና ብለሽ ነው የምትቆሚው› ይላሉ። እኛም ብንሆን እኮ ተራ እንይዝ ነበር! ሕመሙ እስኪጥላቸው ድረስ፣ የቀድሞዎቹ ዘቦች እንደሚሉት፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድ ሰኞ አላጎደሉም።»

ሚጣ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «ታዲያ ምን አለ ለእኛ ብትነግረን?»

መልሱ የመጣው ከጓዳው ነው። «የእኛን ስም ለመጠበቅ ብለው ነው።»

ዝምታ እጇ አረፋ እንደሆነ በሩ ላይ ቆማለች።

«የእናንተን?» አለች ሚጣ።

«ሰባት ዓመት ታስሬያለሁ። ሰው ጎድቼ ነው የገባሁት። የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም፣ ጸጉሬንም አላስነካሁም፤ እንደ ቡትቶ ተያይዞ ነበር። እትዬ ሲመጡ ገፈተርኳቸው። በሚቀጥለው ሰኞም መጡ፣ ገፈተርኳቸው። በሦስተኛው ሚዷቸውን ከራሳቸው ላይ መዘው ሰጡኝና ‹እንግዲያው አንቺ የእኔን አበጥሪልኝ፣ ዛሬ ማንም አልነካልኝም› ብለው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቁጭ አሉ።» አረፋውን ከእጇ ጠረገች። «ለእኔ ዘብ እንኳ ጀርባውን አይሰጥም ነበር።»

ሚጣ ባለፈው ዓመት ለእናቷ «ይቺን ድዳ አሰናብተሽ ጨዋታ የምታውቅ ቅጠሪ» ማለቷ ትዝ ብሏት ጆሮዋ ድረስ ጋለ። እትዬ ሚዶ ያኔ «ይቺማ እህቴ ናት» ብለው ነበር ያለፏት።

«ይቅር በይኝ» አለቻት።

«ስለምኑ?»

«ዝም ብለሽ ይቅር በይኝ። ታሪኳን ልጽፈው? ያንቺን አልነካም።»

«ሰኞውን ጻፊው» አለች ዝምታ። «የእኔን እኔ እናገራለሁ።»

ቅዳሜ፣ መቃብሩ ዳር ሚጣ አነበበች። ግማሹ ላይ ስትደርስ ወንድሟ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። ከዚያ ዝምታ ወደ ፊት ወጣች። በአራት ዓረፍተ ነገር ማን እንደነበረችና ማን ሰው እንዳደረጋት ተናገረች። ሹክሹክታ ተነሣ። ሁለት ደንበኞች ተያዩና ቀስ ብለው ወጡ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ ጸጉር ቤቱ አልመጡም። ነገር የማይጥማቸው፣ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ውሃው ሞቀ ቀዘቀዘ ሲሉ የኖሩ አንዲት ወይዘሮ ግን ሰዉን በክርናቸው እየገፉ መጥተው ዝምታ ፊት ቆሙ።

«ማክሰኞ ሦስት ሰዓት የእኔ ተራ ነው» አሏት። «እንዳትረሺ።»

ዝምታ በሰው ፊት ስታለቅስ የታየችው ያኔ ነው።

ሰኞ ሚጣ ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ወሰደች። ሹሩባ መሥራት አትችልም፤ እናቷ ሊያስተምሯት ሞክረው «አንቺ ብዕር ያዢ» ብለው ትተዋታል። ስለዚህ ዝምታ ስታበጥርና ስትጎነጉን እሷ አጣቢ ሆነች። ማረሚያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር አሥራ አራት ሴቶች ተሰልፈዋል። የመጀመሪያዋ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የማይሞላት ልጅ ናት፤ ነገ ፍርድ ቤት ትቀርባለች።

«እጅሽ ይከብዳል» አለች ልጅቷ፣ ሳሙናው እንዳይገባባት ዓይኗን ጨፍና።

«ጀማሪ ነኝ፣ ቻይኝ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ልጅቷም ሳቀች፤ ከዚያ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሚጣ በጣቷ ተሰማት። ሳቅ አልነበረም።

«እትዬ ሲያጥቡን ይጸልዩልን ነበር» አለች ከሰልፉ አንዷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሚጣ ወደ ዝምታ አየች። ዝምታ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ጠበቀቻት። ምን እንደሚባል አታውቅም፤ ግን የልጅቷ ራስ መዳፏ ላይ ነው።

«ጌታ ሆይ» አለች፣ «ነገ ስትቆም አብረሃት ቁም። ቀና ትበል።»

«አሜን» አሉ ሴቶቹ።

አረፋውን አለቀለቀችላት፣ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላትና ወደ ዝምታ ላከቻት። የባልዲው ውሃ አልቋል። ሚጣ እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ቧንቧው ሄደች፤ ገና ዐሥራ ሦስት ሰው ይጠብቃታል።