ዶሮዋ የታቀፈችበት ካርቶን

ዝናቡ በነሐሴ አጋማሽ ቆመ። በቆሎው ቁመት ጨመረ እንጂ ፍሬ አልያዘም። ጥቅምት ላይ ሰዉ ከብቱን ሸጠ፤ ኅዳር ላይ የሚሸጥ ከብት የቀረው ጥቂት ነበር። ከነቀምቴ ወደ አርጆ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በዚያ ቀበሌ፣ አረንጓዴ ሆኖ የቀረው የቶላ ጎመን ብቻ ነው።

ቶላ የውሃ ሞተር ገዝቷል። ጎረቤቱ ኩማ የሞተሩን ድምፅ ጠዋት ጠዋት ከአጥር ማዶ ሲሰማ ቁርሱ አፉ ውስጥ ይመረዋል። የሞተሩ ካርቶን እንኳ ያስቀናው ነበር። የቶላ ዶሮ ገብታ እንቁላል ታቅፋበታለች።

የባሰው ግን ቶላ እሁድ ከጸሎት ሲወጡ ያወራው ነው። "ሞተሩን በሃያ ስድስት ሺህ ገዛሁት። ስድስት ሺውን ደግሞ ይመልሱልኛል፤ ማዳበሪያ የምገዛው በእሱ ነው" አለ። ስድስት ሺህ ብር ተመላሽ! ኩማ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣ።

የቀረውን አንድ ወይፈን ሸጠና ሞተር ሊገዛ ሐሙስ ነቀምቴ ገባ። ሚስቱ ድርቤ፣ "ለጎመኑ ነው ወይስ ለቶላ?" ብላው ነበር።

ሱቁ ውስጥ የምትሸጠው አዜብ የምትባል ወጣት ናት።

"በደረሰኝ ሃያ ስምንት፣ ያለ ደረሰኝ ሃያ ስድስት። የቱ ይሁንልዎ አባባ?"

ሰው ሁሉ የሚገዛው ያለ ደረሰኝ ነው። ኩማም እንደዚያው ሊል ነበር። ግን ቶላን በሆነ ነገር መብለጥ ፈለገና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የተመላሽ ማስታወቂያ እስከ ታች፣ እስከ ደቃቁ ጽሑፍ ድረስ፣ አንብቢልኝ አላት።

"የሚመልሰው አስመጪው ነው፣ እኛ አይደለንም" አለች አንብባ ስትጨርስ። "አሁን ሙሉውን ይከፍላሉ። ከዚያ የማሽን ደረሰኙን፣ ከካርቶኑ ላይ የሚቆረጠውን ይህን ቁጥርና የመታወቂያ ኮፒ ያስገባሉ። ብሩ በወሩ በስልክዎ ይገባል። የማስገቢያው ጊዜ ቅዳሜ ያበቃል።"

"ደረሰኝ የሌለውስ?"

"ምንም አያገኝም።"

"ታዲያ ለገዢው አትነግሩም?"

"ካልጠየቀ ማን ይነግረዋል?"

ኩማ ደስ አለው። ሃያ ስምንቱን ቆጥሮ ደረሰኙን በኪሱ ከተተ። ከበሩ ተመልሶ ደግሞ፣ ያለ ደረሰኝ የገዛ ሰው አሁን ቢመጣስ ሲል ጠየቀ። ካርቶኑ ካለውና ልዩነቱን ከከፈለ ደረሰኝ እንደሚቆረጥለት ነገረችው። ምነው ባልጠየቅሁ አለ በልቡ።

ኩማ ሲመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሆኖ፣ ቶላ የማይመጣውን ብር ስልኩን እያየ ሲጠብቅ፣ የማዳበሪያውም ጊዜ ሲያልፈው ታየውና ፈገግ አለ። ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ ፈገግታው ጠፋ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በሐምሌ፣ ጭቃው መኪና አላሳልፍ ሲል ድርቤን በቃሬዛ ያወጧት በዚህ ነው። ሌሎቹ ተሸካሚዎች ተቀያየሩ። በራስጌ በኩል የያዘው ቶላ ግን ሆስፒታሉ በር እስኪደርሱ አልለቀቀም። ከዚያ ወዲህ ቶላ ነገሩን አንድ ቀን እንኳ አላነሳውም። ቢያነሳው ኩማ ይቀየመውና ውለታው ይቀልለው ነበር።

ቤቱ ሳይገባ ሞተሩን ከቶላ ደጃፍ አስቀምጦ ተጣራ። ቶላ ወጥቶ ካርቶኑን ሲያይ ሳቀ።

"ኦቦ ኩማ፣ ቀናህ እንዴ?"

"ቀናሁ። አንተ ደረሰኝ አለህ?"

"በምን ዕዳዬ! ሁለት ሺህ አተረፍኩ እንጂ።"

ኩማ እንደቆመ የሰማውን ሁሉ ነገረው። ቶላ ሳቁን ዋጠ። 

"ዝም ብትል ማንም አያውቅብህም ነበር" አለ። "ውለታህ አለብኝ።"

"የለብህም። የቃሬዛው ነው።"

ቶላ ቀና ብሎ አየው። ኩማ ፊቱን ወደ ጎመኑ መለሰ፤ አሁንም ያስቀናል።

"ይልቅ ዶሮዋን አንሳት" አለ። "ቁጥሩ የታቀፈችበት ካርቶን ላይ ነው።"