የማትታዘዘው ጣት

ሻዩን በግራ እጇ ስትቀበል አክስቷ አየቻት። የሟቹ ልጅ ቀኝ እጇን በጥቁሩ ሻሏ ውስጥ እንደደበቀች ነው፤ ከቀብር ከተመለሱ ጀምሮ ከዚያ አላወጣችውም። ለቀስተኛው ግን ምን ቸገረው፣ «ሐዘን አደንዝዟት ነው» ብሎ ያልፋታል።

ሳሎኑ ጢም ብሏል። ወንበር ያጡት ፒያኖውን ተደግፈው ስለ ባለቤቱ ያወራሉ። ሟቹ በየአገሩ አዳራሽ የሞላ ፒያኖ ተጫዋች ነበር። አንድ ምሽት ግን ኮንሰርቱን መሐል ላይ አቋርጦ፣ ክዳኑን ዘግቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ መድረክ ረግጦ አያውቅም።

«ጠግቦ ነዋ!» አለ አንድ ጎረቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የሱ ሹክሹክታ ከሌላው ሰው ጩኸት አይተናነስም።

ጥጋብ እንዳልነበር እሷ ታውቃለች። ልጅ ሳለች የመለማመጃ ክፍሉን በር ሳታንኳኳ ከፍታ፣ አባቷን ትንሿን የቀኝ እጁን ጣት ከቀጭን እንጨት ጋር በጨርቅ አስሮ ሲጫወት አግኝታዋለች።

«አያመኝም፤ ብቻ አትታዘዘኝም» አላት። «ወደ ፊት ስልካት ወደ መዳፌ ትገባለች። ለማንም እንዳትነግሪ፣ እሺ?»

እሺ አለች፤ ጠበቀችለትም። እሱም የትንሿን ጣት ሥራ ለጎረቤቷ ጣት እየሰጠ ዓመታት ገፋ፤ በመጨረሻ ጎረቤትየዋም ከዳችው።

ልጅቱ አድጋ እሷም ፒያኖ ተጫዋች ሆነች። እንጀራዋ እሱ ነው፤ ሌላ ሙያ የላትም። አባቷ በመጨረሻ ታሞ ከተኛበት አልጋ ሳይነሳ በግድግዳው በኩል እየሰማ «እንደገና!» ይላት ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ስትለማመድ የገዛ ጣቷ ሳታዛት ታጠፈች። ድካም ነው ብላ ራሷን አታለለች። በማግስቱም ታጠፈች። ከዚያ በኋላ ከግድግዳው ወዲያ «እንደገና» የሚል ድምፅ ጠፋ። ተስፋ ቆርጦብኝ ነው ብላ አዘነች፤ በሞት አፋፍ ላይ ላለ ሰውስ ምን ብላ ትንገረው? ሳትነግረው ሞተ። አሁን ጣቶቿ ኩባያ ስትይዝ እንኳ ይታጠፋሉ።

የኮንሰርት አዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ባርኔጣውን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ለአባትሽ የመታሰቢያ ኮንሰርት አስበናል። ካንቺ ሌላ ማን ሊጫወት ነው? እሺ በይኝና ልሂድ።»

እሺ ብትል መድረክ ላይ ልትዋረድ ነው። እምቢ ብትል «ለምን?» ሊላት ነው፤ ምክንያቱን ካወቁ ደግሞ ማን ዳግመኛ ይጠራታል?

«ትንሽ ይታገሱኝ» ብላ ወደ ማድቤት ሸሸች።

አክስቷ ተከትላት ገብታ በሩን ዘጋች።

«አሳዪኝ።»

«ምኑን?»

«እጅሽን ነዋ! ወንድሜም እንዲህ በግራው ነበር የሚቀበለው።»

ከሻሏ ውስጥ አወጣችው። ሁለቱ ጣቶች መዳፏ ውስጥ ተሸጉጠዋል። አክስቷ አልደነገጠችም፤ እጇን ይዛ ታሽላት ጀመር።

«ያውቅ ነበር እኮ።»

«ማን?»

«አባትሽ። በግድግዳው ሰምቶሽ። ‹እሷንም ያዛት› ብሎኝ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ‹ራሷ እስክትነግረኝ አልጠይቃትም፣ አንቺም አፍሽን ያዢ› አለኝ።»

ከቀብሩ ወዲህ ፍርሃቱ ለእንባ ቦታ አልሰጣትም ነበር። አሁን ፈነዳች። ምስጢሩን ስትጠብቅለት የኖረችው አባቷ ለካ እሷን ሲጠብቅ ነው የሞተው።

«ፈራሁ» አለች እንባዋ ጋብ ሲል።

«ፍሪ! ማን አትፍሪ አለሽ? እንደሱ ለብቻሽ አትፍሪ እንጂ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?»

ወደ ሳሎን ስትመለስ ሥራ አስኪያጁ ለመሄድ ተነስቷል። መልሷን እየጠበቀ እጁን ዘረጋላት። ቀኝ እጇን ከሻሏ አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረችው። ሰውዬው የማይዘረጉት ጣቶች ተሰሙትና ቁልቁል አየ። ፒያኖውን የተደገፉትም ወሬያቸውን አቆሙ።

«አባቴም መድረኩን የተወው በዚህ ነው» አለች። «እኔም መጫወት አልችልም።»

ሁሉም እያያት እጇን አልሳበችም።