የተወጠረው ስጦታ

ሰፈሩ ሁሉ «ወጣሪዋ» ነው የሚላት። ሥራዋ ሶፋ ማልበስ ነው። እሷ ባለበሰችው ሶፋ ላይ ሳንቲም ቢጥሉበት ነጥሮ እጅ ውስጥ ይመለሳል ይባላል። ወሬውን ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች እንጂ አንድም ቀን «ኧረ አጋነናችሁ» ብላ አታውቅም። ሰው ቤት ለጥየቃ ሄዳ እንኳ እጇ ሳታዘው የሶፋውን ጠርዝ እየዳበሰ የላላ ስፌት ይፈልጋል። «አንቺ ልጅ፣ የመጣሽው ልትጠይቂን ነው ወይስ ልትመረምሪን?» ብለው የሳቁባት አሉ። እሷም ትስቃለች፤ እጇ ግን ፍለጋውን አያቆምም።

እናትና አባቷ ከሱቋ ትንሽ ራቅ ብሎ ካለ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። አባትየው ዕድሜያቸውን የጨረሱት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። የማሽኑ ጩኸት ግራ ጆሯቸውን ይዞት ቀርቷል፤ ቀኙም ቢሆን ካልቀረቡት አይሰማም። እናትየው ደግሞ ስልክ ቤት መስመር ሲያገናኙ የኖሩ ሴት ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማውራት ስለለመዱ፣ ቤት ቢቃጠል እንኳ «እሳት» የሚሉት በሹክሹክታ ነው ትላለች ልጃቸው። አንዱ አይሰማ፣ አንዷ ጮክ አትል፤ እንዲህ ሆነው አርባ ዓመት መኖራቸው ያስገርማል።

ሚስጥሩ ያለው ሶፋው ላይ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናትየው በባላቸው ቀኝ ይቀመጣሉ፣ ዘንበል ይላሉ፣ ማንሾካሾክ ይጀምራሉ። አባትየው «እህ» ይላሉ፤ ቆይተው ትከሻቸው በሳቅ ይርገፈገፋል። ምን እንደሚባባሉ ማንም አያውቅም። ወጣሪዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ያየችው ምሽት ሁሉ ይኸው ነው፤ መስኮቱ ቀስ እያለ ይጨልማል፣ የሁለቱ ጭንቅላት አንድ ጥላ ይሆናል።

የአርባኛው ዓመት ቀን ሲቃረብ ነው እንግዲህ የስጦታው ነገር የመጣባት። ወንድሟ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ በእረፍት ሰዓቱ ሱቋ ጎራ ብሎ ሻዩን ፉት ሲል አማከረችው።

«ስጦታ? ለምኑ?» አለ።

«ለጋብቻቸው ነዋ! ልጆች አይደለንም እንዴ?»

«የተጋቡት እኮ እነሱ ናቸው፤ እኛ ምን ጥልቅ አደረገን? እንዲያውም ስጦታ የሚገባው ለእኛ ነው። ሲኮራረፉ እየተመላለስን ያስታረቅን እኛ!»

«አንተ ስስታም! እጅህ መሪ ከመጨበጥ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም።»

«ይሁን፣ ስስታም በይኝ። ግን እህት ዓለም፣ በሁለት ሰው መሃል ላለ ነገር ሦስተኛ ሰው ምን ገዝቶ ይሰጣል? እስቲ አባዬን ጠይቂው።»

ጠየቀቻቸው። አባትየው ጥያቄውን ሦስቴ አስደግመው፣ ፈገግ ብለው፣ «እሱ የእኔና የእሷ ጉዳይ ነው። አንቺ ያኔ የት ነበርሽና?» አሏት። መቼም መካሪ አላጣችም። ነገር ግን አንዴ ካሰበች ወዲያ ወጣሪዋን ማን ይመልሳታል?

«የሶፋው እግር ተናግቷል፣ ላጥብቀው» ብላ ሶፋውን ወደ ሱቋ አስወሰደችው። ጨርቁን ገፍፋ ስፖንጁን ስታወጣ ክው አለች። ጎን ለጎን ሁለት ጎድጓዳ ቦታ፣ አንዱ ሰፋ ያለ፣ አንዱ ጠበብ ያለ፤ ሁለቱም ወደ መሃል ያዘነበሉ። «ወይ ጉድ!» አለች ከንፈሯን እየመጠጠች፤ «ለካ ይሄን ሁሉ ዘመን ጉድጓድ ውስጥ ነው የከረሙት!» ለሶፋ አልባሽ ጎድጓዳ ስፖንጅ ማለት ለጥርስ ሐኪም የተቦረቦረ ጥርስ ማለት ነው። ነቅላ ማዕዘን ላይ ጣለችው። ጠንካራ አዲስ ስፖንጅ ቆረጠች፣ የማለዳ ሰማይ የመሰለ ጨርቅ መረጠች፣ ወጠረችው። ሳንቲም ጣለችበት። ሳንቲሙ ነጠረ።

በአርባኛው ዓመት ቀን ሶፋው ቤት ሲገባ እናትየው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «እሰይ የኔ ልጅ! እጅሽ ይባረክ!» አሉ። አባትየውም በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ተቀመጡ፤ ሐኪም ቤት ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ቀጥ ብለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ወጣሪዋ ደስታው ነው አለች።

ሳምንቱ አለፈ፣ ሌላውም ተከተለ። ወጣሪዋ ምሽት ላይ ብቅ ስትል አባትየው መስኮት ሥር የእንጨት ወንበር ላይ ናቸው። እናትየው ኩሽና ውስጥ፣ በርጩማ ላይ። ሶፋው መሃል ቤት ብቻውን ተኮፍሷል። እንግዳ ሲመጣ የሚከፈት ሳሎን እንጂ ሰው የሚኖርበት ቤት አይመስልም።

«ሶፋው አልተመቻችሁም እንዴ?»

«ኧረ እንዴት አይመቸንም!» አሉ እናትየው ከኩሽና።

«ምን አለች?» አሉ አባትየው ከመስኮቱ።

«ምንም አይደለም» አሉ እናትየው።

ወጣሪዋ ደረጃውን ወረደች። አርባ ዓመት ማንም ያልለያያቸውን ሰዎች እኔ በስፖንጅ ለያየኋቸው ይሆን? የሚለው ሐሳብ አልለቅ አላት። ጨርቅ ስትቀድ እዚያው፣ ምስማር ስትመታ እዚያው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይ በሱቁ መስኮት ገብታ የጨርቁን ብናኝ አየር ላይ ታንሳፍፈዋለች። ወጣሪዋ መቀሷን አስቀምጣ፣ ማዕዘን ላይ የተጣለው አሮጌ ስፖንጅ ላይ ጋደም አለች። ትንሽ አረፍ ልበል ብላ ነው እንጂ ልትተኛስ አልነበረም። ስፖንጁ ግን ቀስ አድርጎ ሳባት። ከሁለቱ ጎድጓዶች መሃል ተንሸራታ ገባች፤ እዚያም እጇ አንዲት ትንሽ፣ ልጅ የምታህል ሌላ ሰርጓዳ ቦታ አገኘ። የማን እንደሆነች ሳይነግሯት ገባት። ዓይኗ ከበደ።

ሶፋው ከግድግዳው ተላቀቀ። በመስኮት ወጥቶ ከመንገዱ በላይ እንደ ጀልባ እየተንሳፈፈ ሄደ። ከሥሩ የሱቆች መብራት እንደ ዓሣ ብልጭ ድርግም ይላል። በአንድ ወገኗ አባቷ፣ በሌላው እናቷ። ከጭንቅላቷ በላይ ወሬ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ቃሉ አይሰማም፣ ሙቀቱ ብቻ ፀጉሯ ላይ ያርፋል። «ምን እያላችሁ ነው?» ልትል ፈለገች፤ ግን ከመጠየቁ ይልቅ አለመስማቱ ጣፈጣት። ቆይቶ ሶፋው መርዘም ጀመረ። የሆነ እጅ ጨርቁን ይጎትታል፣ ይወጥራል። አባቷ ወዲያ ራቁ፣ እናቷ ወዲህ ራቁ፤ ወንዝ ማዶና ማዶ የቆሙ ሰዎች መሰሉ። ጎታቹን እጅ ልትይዝ ዞር ስትል የገዛ እጇ ሆኖ አገኘችው።

«እማዬ!»

«እናትሽማ ቤት ናት» አለ ድምፅ። አባቷ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ሕልሙ ያላለቀ መስሏት ዓይኗን አሸች።

አባትየው ገቡ፤ ስፖንጁን አዩት፤ ሳይመርጡ፣ ሳያመነቱ ሰፊው ጎድጓዳ ላይ ተቀመጡ። ጠባብ ጫማ ያወለቀ ሰው እንደሚያደርገው ረጅም ትንፋሽ ወጣቸው።

«እናትሽ እንዳትሰማ» አሉ። «ሶፋው ቆንጆ ነው። እሷማ ፍቅር ይዟታል፤ ጠዋት ማታ ስትወለውለው ነው የምትውለው። እኔ ግን… ከዚህ አሮጌ ነገር ትንሽ ቁራጭ ብትሰጪኝ በእኔ በኩል ደብቄ አስገባው ነበር።»

«አባዬ፣ አትነጋገሩም እንዴ አሁን?» አለቻቸው በቀኝ ጆሯቸው።

«እንነጋገራለን እንጂ። እሷ ታወራለች፣ እኔ ምን አልሽ እላለሁ። ትደግመዋለች፣ አሁንም ምን አልሽ እላለሁ። ከዚያ ምንም አይደለም ትለኛለች።» ኮፍያቸውን አዟዟሩ። «አንቺ፣ ቀኑን ሙሉ ምንም አይደለም ሲባሉ መዋል እንዴት እንደሚያስጠላ ታውቂያለሽ?»

በማግስቱ እናትየው መጡ። ክር ሊገዙ ወጥተው ነው፣ በዚያው እግረ መንገዳቸውን። ክሩን እጃቸው ላይ እየጠቀለሉ ማዕዘኑን አሥር ጊዜ ሰረቅ አድርገው አዩት። በመጨረሻ ሄደው ጠበብ ያለው ጎድጓዳ ላይ ቁጭ አሉ።

«አባትሽ እንዳይሰማ» አሉ። «ሶፋውን ሲወደው ለጉድ ነው። እንዳይቆሽሽበት ብሎ እኮ ነው እንጨት ላይ የሚቀመጠው፣ የኔ ጌታ!»

ወጣሪዋ ሳቋ አፏ ላይ ደርሶ ዋጠችው፤ እንባዋን ግን መዋጥ አልሆነላትም።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ብናኝ ገብቶብኝ ነው እማዬ። እና አንቺስ?»

«እኔማ አዲሱ ላይ ስቀመጥ ወደ እሱ ዘንበል ማለት አቃተኝ፤ ልክ እንደ ተማሪ ቀጥ አርጎ ያስቀምጠኛል። ከሩቅ ልጩህበት? የእሱና የእኔን ወሬ ፎቁ ሁሉ ይስማው?» ድምፃቸው ከለመዱትም በታች ወረደ። «ብዙ የምነግረው ነገር ተጠራቅሞብኛል።»

ወጣሪዋ አሮጌውን ስፖንጅ ልትመልስላቸው ለሁለቱም ለየብቻቸው ቃል ገባች። ከዚያ ለወንድሟ ደወለች፦ «ነገ ሁለቱንም አውቶቡስህ ላይ ጫንና ከተማውን አዙራቸው። ሳልደውልልህ እንዳትመልሳቸው።»

«አላልኩሽም? የተጋቡት እነሱ…»

«ዝም ብለህ ንዳ!»

በማግስቱ አሮጌውን ስፖንጅ ተሸክማ ደረጃውን ወጣች። ስፌቱን ተረተረች፣ አዲሱን አወጣች፣ አሮጌውን አስገባች። ጨርቁን መልሳ ስታለብሰው ግን ጉድ ፈላ። ጨርቁ የተቆረጠው ለጠፍጣፋ ነው፤ ጎድጓዶቹ ላይ ሲደርስ ይሸበሸባል፣ ይጨማደዳል። ሳብ አድርጋ ወጠረችው፤ ሽብሽቡ ጠፋ። በእጇ ስትጫነው ግን ጎድጓዶቹም ከጨርቁ ሥር ታንቀው ጠፍተዋል። መዳፏ ነጠረ።

ጉጠቷን እንደያዘች ለረጅም ጊዜ ተቀመጠች። እዚህ ቤት ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ጎረቤት ያያል። ወጣሪዋ ለገዛ ወላጆቿ የተጨማደደ ሶፋ ሰጠች ይባላል፤ ደንበኞቿ ይሰሙታል፤ ስሟም ይጠፋል። መስኮቱ ላይ ብርሃኑ እየለዘበ መጣ። ሕልሟ ውስጥ ያየችው ጎታች እጅ ትዝ አላት።

ምስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀለች። ጨርቁን ለቀቅ አደረገችው። እየተጨማደደ፣ እየተሸበሸበ ወደ ጎድጓዶቹ ወረደ፤ እንደዚያው እንዳለ መልሳ በምስማር መታችው።

ወላጆቿ ሲመለሱ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። አባትየው ሶፋውን አዩና በእናትየው ጀርባ ልጃቸውን ጠቀሷት። እናትየውም በአባትየው ጀርባ ጠቀሷት። ከዚያ ሁለቱም ምንም እንደማያውቅ ሰው ሄደው በየቦታቸው ተቀመጡ። ሶፋው ተቀበላቸው። እናትየው ዘንበል አሉ፤ ዘንበል እንዳሉም ቀና አልል አሉ፤ የተጠራቀመው ብዙ ነበር።

ወንድሟ ሽብሽቡን በጣቱ እያሳየ ጆሮዋ ሥር፣ «ይሄን ማን ሠራው? ደንበኛ እንዳያይሽ!» አላት።

«ይዩኝ» አለች።

የአባትየው ትከሻ በሳቅ መርገፍገፍ ጀመረ። ወጣሪዋ አላስቻላትም።

«አባዬ፣ ምን አለችህ?»

አባትየው ቀና ብለው አዩዋት፤ ይህቺን ሳያስደግሙ ነበር የሰሟት። «የእኔና የእሷ ጉዳይ ነው» አሉ።

በዚህ መሃል እጇ በልማዱ ሾልኮ የሶፋው ክንድ ላይ ደርሶ አንዱን ሽብሽብ ሊያቃና ነበር። አየችውና ሰብስባ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። መስኮቱ ቀስ እያለ ጨለመ፤ መብራቱን ለማብራት የተነሳ ሰው አልነበረም።