የሉቪኒያ ባርኔጣ

ኦዜላ ፈሪ ነበረች። ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው ራሷ ናት። በልጅነቷ ነጎድጓድ ሲያጓራ አልጋ ስር ትገባ ነበር፤ ኮሌጅ ከገባችም በኋላ መምህር ስሟን ሲጠራ ልቧ ጉሮሮዋ ድረስ ይወጣል። ታዲያ እንዲህ ያለችው ልጅ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ስልጠና ላይ የጀግንነት ምሳሌ ተደርጋ መታየቷ የሚያስቅ ነገር ነው።

ጥቁር በማያስተናግድ ምግብ ቤት ገብቶ በሰላም ለመቀመጥ የሚሰጠው ስልጠና ቀላል ነው። ገሚሶቹ ተማሪዎች ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ የቀሩት ነጭ ሆነው ይመጡባቸዋል። የሲጋራ ጭስ ፊታቸው ላይ ይለቃሉ፣ ፀጉር ይጎትታሉ፣ ወንበሩን ከስራቸው ይነጥቃሉ፣ ሰምተው የማያውቁትን ስድብ ያወርዱባቸዋል። የተቀመጠው ሰው እጁን ካነሳ ወይም መልስ ከሰጠ፣ በመሄጃው ዕለት ቤተ ክርስቲያን ቀርቶ ሳንድዊች ይጠቀልላል እንጂ ከሌሎቹ ጋር አይሄድም። ነጭ ሆኖ ሲጫወት ከሁሉም የከፋው ፕሬስተን ነበር። የነገረ መለኮት ተማሪ ነው፤ መነጽር ያደረገ፣ አፈ ለስላሳ፣ ዝንብ የማይነካ ልጅ። ነጭ ሁን ሲባል ያን ሁሉ ክፋት ከየት እንደሚያመጣው እንጃ! ሲጨርስ ግን ጥግ ይዞ ይንቀጠቀጣል።

አንድ ቀን ኦዜላ ጆሮ ላይ እስኪበቃው ጮኸባት። ውሃ አፈሰሰባት። ንቅንቅ አላለችም።

«ይህቺን እዩልኝ! አለት ናት፣ አለት!» አለ ለሌሎቹ።

ምን አለት አለ! በፍርሃት ደርቃ ነው። ምላሷ ከላንቃዋ ተጣብቆ፣ እግሯ ከድቷት እንጂ መነሳትማ ፈልጋ ነበር። ግን ሁሉም ሲያጨበጭቡላት አላረመቻቸውም። ደፋር ተብላ አታውቅምና ስሙ ጣማት።

ቀጠሮው ቅዳሜ ጠዋት ሆነ። የግሪንስቦሮ ጥቁር ተማሪዎች የነጮች ብቻ በሆነ ምግብ ቤት ገብተው ከተቀመጡ ወዲህ የአሜሪካ ደቡብ ሁሉ እየተናጠ ነው፤ የዚህኛውም ከተማ ተራ ደረሰ። ሁሉም የእሑድ ልብሱን ለብሶ እንዲመጣ ታዘዘ፤ ጋዜጣ ላይ ፎቶግራፋቸው ቢወጣ ማን ጨዋ፣ ማን ባለጌ እንደሆነ አገር እንዲያይ። ኦዜላ ቀሚስ ነበራት፣ ባርኔጣ ግን አልነበራትም። ባርኔጣ ያልደፋች ሴት ደግሞ የእሑድ ልብስ ለበሰች አይባልም። ስለዚህ የአክስቷን የሉቪኒያን ሰማያዊ ባርኔጣ ሳታስፈቅድ ከቁም ሳጥን አወጣች። አክስቷ ገና ጎህ ሲቀድ ወደ ሥራ ሄዳ ነበር።

ሉቪኒያ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት ሴት ናት። ክሬንሾ የሚባለው ትልቅ ሱቅ ውስጥ፣ ምግብ በሚሸጥበት ክፍል ጓዳ፣ ዕቃ ታጥባለች። ኦዜላ ኮሌጅ የምትማረው በእነዚያ ውሃ በበላቸው እጆች ነው።

«የእነዚያን ልጆች ነገር እንዳልሰማ» ብላት ነበር አክስቷ። «ባለፈው የአንዷ ዕቃ አጣቢ ልጅ ሰልፍ ላይ ታየ ተብሎ እናቱን ሚስተር ክሬንሾ በዚያው ቀን አሰናበታት። እኔን ካባረረኝ አንቺም ትምህርትሽ አበቃ። ገባሽ?»

«ገባኝ፣ አክስቴ።»

«ማይልኝ።»

«እውነቴን ነው፣ አልሄድም።»

የሄደችውም ክሬንሾ ሳይሆን ሌላ ቦታ ነው ብላ ነበር። ዕቅዱ የአውቶቡስ ጣቢያው ምግብ ቤት ነበረ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰብስበው ሳለ ግን ጣቢያው ወሬውን ሰምቶ ምግብ ቤቱን እንደዘጋ ተነገራቸው። ፕሬስተን አላመነታም።

«ክሬንሾ እንሄዳለን» አለ።

 አክስቴ እዚያ ነው የምትሠራው ልትል ኦዜላ አፏን ከፈተች። ነገር ግን ያን ጠዋት አንዱ ሆዴን ቆረጠኝ፣ አንዷ ፈተና አለብኝ ብለው ቀርተዋል፤ የመጡትም ሰበቡን ሲሰሙ ዓይን ለዓይን ተያይተው ፈገግ ብለዋል። አለቷ ኦዜላም ፈራች ሊባል? አክስቴ ጓዳ ነው ያለችው፣ ወደ ደንበኛ አትወጣም ብላ ራሷን አታለለች። አፏንም መልሳ ዘጋች።

ከመነሳታቸው በፊት ሁሉም ኪሱን አራገፈ። ሰንጢ፣ የጥፍር ሞረድ፣ ቁልፍ፣ እርሳስ ሳይቀር አንድ ከረጢት ውስጥ ገባ። ፖሊስ ስለት ነገር ካገኘ «ታጥቀው መጡ» ይላል፤ የአንዱ ጥፋት የሁሉም ወንጀል ይሆናል። የሁሉም ኪስ ታየ፣ ቦርሳው ሁሉ ተፈተሸ። ኦዜላ ራስ ላይ ያለውን ግን ያየ የለም። በባርኔጣ ላደጉ ሰዎች ባርኔጣን ከፀጉር ጋር የሚያያይዘው ረጅም መርፌ መርፌ አይደለም፤ እንደ ጥብጣብና እንደ ክር የባርኔጣው አካል ነው።

ክሬንሾ ሲገቡ ባንኮኒው ፊት ያሉት በርጩማዎች ባዶ ነበሩ። ተደርድረው ተቀመጡ። አስተናጋጇ ነጭ ወጣት ነበረች፤ ፊቷ ደም መሰለ።

«እዚህ ጥቁር አናስተናግድም።»

«እንጠብቃለን፣ እመቤት» አለ ፕሬስተን።

ከዚያ በኋላ ስልጠናው ምን ያህል ጨዋታ እንደነበረ ኦዜላ ገባት። ነጭ ጎረምሶች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ከጀርባቸው ሞሉ። ሽታቸው ይሰማታል፤ ትንፋሻቸው ማጅራቷን ይነካታል። አንዱ የፕሬስተን ራስ ላይ ካቻፕ አፈሰሰ። ሌላው ወደ ጫፍ የተቀመጠችውን ልጅ ክንድ በሲጋራ ሲተኩስ ልጅቱ ትንፋሿን ሳበች እንጂ አልጮኸችም። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ እጃቸውን አጣምረው ያያሉ። ሚስተር ክሬንሾ ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ ቆሟል፤ እሱም ያያል።

«ደህና ባርኔጣ ነው!» አለ ከኦዜላ ኋላ የቆመው ቀይ ሸሚዝ የለበሰ ጎረምሳ። «ከማን ቤት ሰረቅሽው?»

ባርኔጣውን በጣቱ ገፋው። ባርኔጣው አልወደቀም። በምትኩ አንድ ነገር ራስ ቅሏን ወጋት።

ያኔ ትዝ አላት። የአክስቷ መርፌ አሮጌ፣ የብረት፣ ወስፌ የሚያህል ነው። 

«ፕሬስተን» አለች አጠገቧ ለተቀመጠው፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። «ባርኔጣዬ ላይ መርፌ አለ።»

«የምን መርፌ?»

«ረጅም።»

ፕሬስተን ዓይኑን ጨፈነ። «እጅሽን እንዳታነሺ» አላት ቀስ ብሎ። «ራስሽን ከነካሽ መርፌ መዘዘችብን ይላሉ። ሁላችንም አለቀልን።»

ተነስታ መውጣት አትችልም፤ መንገዱ ተዘግቷል። መቀመጥም አትችልም፤ ጎረምሳው ባርኔጣውን ከነጠቀ መርፌው እጁ ላይ ይገኛል። ፍርሃቱ ከእግሯ ጀምሮ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ላይ ሞላት።

በዚህ መሃል የጓዳው በር ተከፈተና ሉቪኒያ የታጠበ ብርጭቆ በትሪ ተሸክማ ወጣች። መጀመሪያ ያየችው ባርኔጣዋን ነው። ቀጥላ ከባርኔጣው ስር ያለውን ፊት አየች።  ኦዜላ ባንኮኒው ላይ አፈጠጠች። አታውቂኝም፣ አላውቅሽም፣ ግቢ፣ እባክሽ ግቢ አለች በልቧ።

«ኑ፣ ባርኔጣዋን እናውልቅላት!» አለ ቀይ ሸሚዙ።

ሉቪኒያ ትሪውን አስቀመጠችና ባንኮኒውን ዞራ እየተንደረደረች መጣች።

«አንቺ ስድ!» ብላ ጮኸች። «ጌቶች በቆሙበት ባርኔጣ ጭነሽ ትቀመጫለሽ? ማን አሳደገሽ?»

ጥፊው ሱቁን ሞላው። በዚያው እጇ ባርኔጣውን ከነመርፌው፣ ከነፀጉሯ ነጨችና በጓዳው መስኮት ወደ ዕቃ ማጠቢያው ወረወረችው። ኦዜላ ከበርጩማው ወደቀች። ጎረምሶቹ በሳቅ ፈነዱ፣ አንዳንዶቹም አጨበጨቡ። ያን ሁሉ ስድብ ችላ የተቀመጠችው ልጅ ወለሉ ላይ ሆና አለቀሰች። ጉንጯ ስላቃጠላት አይደለም። የአክስቷን ዓይን ስላየች ነው፤ ሉቪኒያ ከእሷ ይልቅ ፈርታ ነበር።

ሉቪኒያ ወደ ጓዳ ልትመለስ ዞረች። ቀይ ሸሚዙ መንገድ ዘጋባት።

«ወዴት ነው? ገና ጀመርሽ እኮ! የቀሩትንስ?»

«ልክ ነው» አለ ሚስተር ክሬንሾ እየሳቀ። «ቀጥይ፣ ሉቪኒያ። ቤቱን አጽጂልን።»

«ምቺው! ምቺው!» ማለት ጀመሩ። ገፍተው ገፍተው ፕሬስተን ፊት አቆሟት። ኦዜላ ወለሉ ላይ ደርቃ ቀረች። አክስቴ ናት ብትል አክስቷ ከሥራ ወጣች ማለት ነው። ዝም ብትል ይህቺ በሕይወቷ የሰው ልጅ ገላምጣ የማታውቅ ሴት ሁሉንም በተራ ልትመታ ነው።

ፕሬስተን መነጽሩን ቀስ ብሎ አውልቆ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ካቻፑ ከግንባሩ ወደ ቅንድቡ ይወርዳል።

«ይምቱኝ፣ እማማ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ግድ የለም። ለምጄዋለሁ።»

ሉቪኒያ እጇን አነሳች። እጇ አየር ላይ ቆመ።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?» አለችው።

«የአልበርታ ጊልያም። ከወንዙ ማዶ ነን።»

«የመዘምራኗ አልበርታ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«አልበርታን አውቃታለሁ» አለች ሉቪኒያ፣ ለማን እንደምትናገር ሳይታወቅ። እጇ ወረደ። ያገኘችው ነገር ላይ ቁጭ አለች። ያገኘችው የኦዜላን በርጩማ ነበር።

 ሽርጥ እንደታጠቀች፣ እጇ እንደራሰ፣ ባንኮኒው ፊት ተቀምጣለች። ምን እንዳደረገች ለራሷም የገባት ሁሉም ሲያዩዋት ነው።

«ሉቪኒያ፣ ተነሺ» አለ ሚስተር ክሬንሾ። ሳቁ የለም።

«እግሬ እምቢ አለኝ፣ ጌታዬ።»

«ተነሺ አልኩሽ! ከእነዚህ ጋር ነሽ እንዴ?»

 ሉቪኒያ አልተነሳችም። ቀይ ሸሚዙ ሲጋራውን ወለሉ ላይ ጥሎ ረገጠውና እጅጌውን ሰበሰበ።

ኦዜላ እስከዚያች ቅጽበት ፈራሁ ስትል የኖረችው ሁሉ ለካ ፍርሃት አልነበረም። አክስቷ ምድር ቤቱ ገብታ ሰልጥና አታውቅም። ራሷን የት እንደምትሸሽግ፣ ስትወድቅ እንዴት እንደምትኮማተር የነገራት የለም። ኦዜላ ተነሳችና በአክስቷና በጎረምሶቹ መካከል ቆመች።

«አክስቴ» አለቻት፣ ሚስተር ክሬንሾ እየሰማ።

«ባርኔጣዬን ማን ውሰጂ አለሽ?» አለች ሉቪኒያ ሳትዞር።

«እጆችሽን ባንኮኒው ላይ አድርጊ። ሁለቱንም። ወደ ኋላ አትዪ። ምንም ቢሆን እጅሽን አታንሺ።»

«ቢመቱኝስ?»

«አታንሺ።»

«አንቺን ቢመቱሽስ?»

 በዚያ ሁሉ ስልጠና ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ቀይ ሸሚዙ ከኋላ የኦዜላን ፀጉር ጨምድዶ ያዘ፤ እሷም ባንኮኒው ላይ የተዘረጉት የአክስቷ እጆች ጣት በጣት ለቡጢ ሲጨበጡ አየች።