ግማሹ እስኪጠፋ

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ በሠራተኛው ዘንድ «ሚዛን» ይባላል። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ዓይኑ ነው። ሁለት ሰማያዊ ጨርቅ ጎን ለጎን ዘርግቶ «ይሄኛው አንድ ማንኪያ ቀለም ያንሰዋል» ካለ፣ አንድ ማንኪያ ያንሰዋል ማለት ነው፤ ተከራክሮ የረታው ሰው የለም። የፋብሪካው እጣቢ ወደ ወንዝ የሚለቀቀውም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በእሱ ዓይን ፈቃድ ነበር። ከማቅለሚያው የሚወጣው ሰማያዊ ውሃ ትልቅ የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ይጠራቀምና በረኪና ይጨመርበታል። አንድ ሰዓት ሲሞላ ሚዛን በብርጭቆ ይቀዳል፣ ነጭ ሳህን ፊት አድርጎ ያየዋል፣ ከጠራለት «ክፈቱት» ይላል፤ ይከፈታል።

ታናሽ እህቱ በከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት የቤተ ሙከራ ኬሚስት ናት። አባታቸው ሲሞት ገና ፊደል አልለየችም ነበር። ደብተሯን በፋብሪካ ቁራጭ ጨርቅ እየለበደ፣ ፈተና ስትወድቅ እየተቆጣ፣ ስታልፍ እንዳላየ እየሆነ ለወግ ለማዕረግ ያበቃት እሱ ነው። ዛሬም «ጋሼ» ትለዋለች።

በዚያ ዓመት ብርድ ሲገባ፣ ከፋብሪካው በታች በወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ ማልማት የጀመሩ ሦስት ሰዎች መሥሪያ ቤቱ ድረስ አቤት ለማለት መጡ።

«ችግኙ ገና ቅጠል ከማውጣቱ ጫፍ ጫፉ እየነደደ ይደርቃል» አሉ። «ውሃው እንደሆነ ኩልል ያለ ነው። ምኑን እንክሰሰው?»

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጉዳዩን ለኬሚስቷ ሲሰጧት አንገታቸውን እያከኩ ነበር።

«ወንድምሽ ያለበት ነገር ነው። ለሌላ ሰው ብሰጠው ደስ ባለኝ።»

«ለማን?» አለች። የመለኪያ መሣሪያውን የምታውቀው ሌላዋ ባልደረባ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት።

መሣሪያው የልብስ ስፌት መኪና ያህላል። በአንዱ ጎን ብርሃን ይወጣል፤ በሌላው ጎን የሚደርሰውን ብርሃን የሚቆጥር ነገር አለ፤ መካከል ላይ አውራ ጣት የማታህል አራት ማዕዘን ብልቃጥ ትቀመጣለች። ብልቃጧ ውስጥ ያለው ቀለም ብርሃን ይጠጣል። ቀለሙ እየፈረሰ ሲሄድ የሚጠጣው ያንሳል፣ የሚያልፈው ይበዛል። ስለዚህ ሰዓት ይዞ ቁጥሩን ለተከታተለ ሰው፣ በብልቃጧ ውስጥ ያለው ነገር በምን ፍጥነት እየፈረሰ እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ይታወቃል።

ኬሚስቷ በረኪና ያልነካውን እጣቢ በጀሪካን አስመጣች። በረኪናውን ጠብ አድርጋ ሰዓቱን አስነሳችና በየሁለት ደቂቃው መጻፍ ጀመረች። ሰማያዊው በስምንት ደቂቃ በግማሽ ወረደ። በሚቀጥለው ስምንት ደቂቃ የቀረው ግማሽ በግማሽ ወረደ። ብዙም ሲሆን ትንሽም ሲሆን፣ ግማሹ የሚጠፋበት ጊዜ ያው ስምንት ደቂቃ ነው። አንድ ሰዓት ሲሞላ ሰማያዊ የሚባል ነገር የለም። ጋሼ ልክ ነበር ማለት ነው። ትከሻዋ ቀለል አላት፤ መዝገቡን ልትዘጋም እጇን ዘርግታ ነበር።

ግን የነደደ ቅጠል ዝም ብሎ አይነድም። የሰው ዓይን የሚያየው ከብርሃን ጥቂቱን ነው፤ መሣሪያው ዓይን የማያየውንም ይልካል። ያን ብርሃን ተራ ብርጭቆ ስለማያሳልፈው፣ ቤተ ሙከራው ያለውን አንድ ለእናቱ የሆነ የኳርትዝ ብልቃጥ ከጥጥ ውስጥ ፈልቅቃ አወጣችና ሥራውን እንደገና ጀመረች። በዚህኛው ብርሃን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ ተገኘ። ሰማያዊው ሲወርድ ይሄኛው ይወጣል። የቀለሙ ስብርባሪ እየተጠራቀመ ነበር። በአንድ ሰዓት፣ ልክ ወንድሟ «ክፈቱት» በሚልበት ሰዓት፣ ጣራ ደርሷል። ከዚያ ወዲያ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ግማሹ እስኪጠፋ አራት ሰዓት ይፈጃል።

ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ ሦስቱም ጊዜ ያው ነው። ውሃው ውስጥ የተረፈውን በረኪና አጥፍታ በዚያ የአንድ ሰዓት የጠራ ውሃ ሃያ የሰላጣ ዘር አርጥባ ብታስቀምጥ አንድም አልበቀለም። ለሁለት ቀን በቆየው ውሃ ግን ከሃያው አሥራ ስምንቱ በቀለ።

ዘገባው ከመውጣቱ በፊት ከሰው ከሚሰማ ከእሷ ይስማ ብላ እሑድ በእናታቸው ቤት ነገረችው። ምሳ ተበልቶ ሳህኑ አልተነሳም።

«ዓይን የማያየው ቀለም!» አለ ሚዛን፣ እየሳቀ። ሳቁ ግን ጥርሱን አላለፈም። «ነገ ደግሞ ጆሮ የማይሰማው ዘፈን አለ ብለሽ ትመጫለሽ።»

«ጋሼ፣ አንተን አልከሰስኩም። ውሃውን ነው የለካሁት።»

«ውሃውን ማን ለቀቀው? ሃያ ሁለት ዓመት ያየሁትን ቆርቆሮ ነው የሚነግረኝ?»

እናታቸው ሁለቱን ተራ በተራ ተመለከቱ። «የሰው ልጅ በርስት ይጣላል፣ በሚስት ይጣላል» አሉ። «የእኔዎቹ በእጣቢ ተጣሉ?»

ሚዛን ኮቱን አንስቶ ወጣ።

ማክሰኞ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ቤተ ሙከራው በር ላይ ቆሞ አገኘችው። የሥራ ቦቲውን እንደተጫማ ነው፤ ጥፍሮቹ እንደ ወትሮው ሰማያዊ ናቸው። «አሳይኝ» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

እሷም ስታስረዳ ጊዜ አላጠፋችም። አዲስ እጣቢ ቀዳች፣ በረኪና ጨመረች፣ ቁጥሩን እሱ ራሱ እንዲጽፍ እርሳስ ሰጠችው። አንድ ሰዓት ሲሆን ውሃውን በብርጭቆ አንስታ አቀበለችው። መስኮቱ ጋ ሄዶ አየው። እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቷል። ተመልሶ የመሣሪያውን ቁጥር አየ። ደግሞ ብርጭቆውን አየ። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ምሳ ሳይበላ እስከ ስምንት ሰዓት ጻፈ። ቁጥሩ እሷ እንዳለችው በአራት ሰዓት ግማሽ ሆነ።

እርሳሱን ሲያስቀምጥ እሷ ቁጣ ጠብቃ ነበር።

«ይሄ ብልቃጡን የያዘው ነገር ለብ ይላል» አለ። «ስንት ዲግሪ ነው?»

«ሃያ አምስት። ሁልጊዜ በሃያ አምስት ነው የምንለካው።»

«የእኔ ገንዳ በዚህ ወር ጧት ጧት እጅ ሲገባበት አጥንት ይሰብራል። ቀለም በቀዝቃዛ ውሃ እንደሚለግም ዕድሜዬን ሙሉ አይቻለሁ። መፍረሱም ይለግማል።»

ኬሚስቷ ደነገጠች። ገንዳው ብርድ ላይ መሆኑን እንዴት እንደዘነጋችው ለራሷም ገረማት። ከዚያ በላይ ያስደነገጣት ግን እሱ የሚናገረውን ጠንቅቆ ማወቁ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ነገሩን ባንተ ላይ ያባብሰዋል።»

«ያልተሟላ ነገር ፈርመሽ እንዳታዋርጂን ነው» አለና ተነሳ። በሩ ላይ ዞር ብሎም አላያት።

በማግስቱ ቴርሞሜትር ይዛ ገንዳው ዘንድ ሄደች፤ አሥራ ሁለት ዲግሪ። መሣሪያውን ወደ አሥራ ሁለት አቀዝቅዛ ለካችው። ግማሹ የሚጠፋው በአራት ሰዓት መሆኑ ቀርቶ በአሥር ሰዓት ሆነ። ዘገባው ላይ በብርድ ወራት ውሃው ሦስት ቀን ሳይሞላው እንዳይለቀቅ ጻፈች። ሙቀቱን የጠቆማት ማን እንደሆነም ከነሥራ ድርሻው አሰፈረች፤ ኃላፊው «ይቅር» ቢሏት እንቢ አለች።

ፋብሪካው ሁለት ተጨማሪ ገንዳ አስቆፈረ። የመልቀቂያው ቁልፍ ከሚዛን እጅ ወጥቶ ለፈረቃ ኃላፊዎች ተሰጠ። ሥራ አስኪያጁ «ሳይፈቀድልህ የፋብሪካውን ጉዳይ ውጭ አወጣህ» ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈለት። ሚዛን ደብዳቤውን አንብቦ ኪሱ ከተተና ወደ ማቅለሚያው ተመለሰ፤ ስለዚያ ነገር ሲናገር አንድም ሰው አልሰማውም። አትክልተኞቹ በሚቀጥለው ተከላ ችግኛቸው ያዘ። አንደኛው ግን ቀድሞ ተስፋ ቆርጦ ማሳውን ለጡብ ሠሪዎች አከራይቶት ኖሮ አልተመለሰም።

ለወራት ወንድምና እህት አልተጠያየቁም፤ አልተጠያየቁም እንዳይባል ደግሞ በየጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ የቤተ ሙከራው ስልክ ይጮኻል። የገንዳውን ሙቀት እንዲያሳውቅ ማንም አላዘዘውም። «አሥራ አንድ» ይላል፤ ስልኩን ይዘጋል። በማግስቱ «አሥራ ሦስት» ይላል፤ ይዘጋል። እሷም ትጽፋለች። «ጋሼ፣ እንዴት አደርክ» ለማለት አፏን ስትከፍት መስመሩ ጸጥ ብሏል።

ብርዱ ሊወጣ ሲል አንድ ጧት «አሥራ ስድስት» አለና ስልኩን አልዘጋም። ትንፋሹ ይሰማታል።

«የእማዬ ጉልበት አብጧል» አለ። «ነገ ሐኪም ቤት ልወስዳት ነው። በግራ በኩል የሚደግፋት ሰው ያስፈልጋል።»

«ስንት ሰዓት?»

«ሦስት ሰዓት። እንዳታረፍጂ፣ ታውቂያለሽ ወረፋውን።»

«እሺ ጋሼ» አለች፤ አሥራ ስድስትንም መዝገቡ ላይ አሰፈረች።