ኪኒኑን የተካፈሉት

ዓረብ አገር፣ ባዲዓ በሚባል ሰፈር አንድ ቤት ተከራይተው የሚኖሩት አራት ወንዶች በሌላው ሁሉ ቢነታረኩም በመካፈል አይታሙም። በርበሬ ቢመጣ ለአራት፣ ቆሎ ቢመጣ ለአራት። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይላል ታላቃቸው ገብሩ፤ ለእሱ ከአገር ቤት ማንም ምንም ልኮለት አያውቅም።

ጎማ ጠጋኙ ሙላቱ ሽንቱ ሲያቃጥለው ሐኪም ቤት መሄድ ፈራ፤ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ይሰርዙብኛል ብሎ። በመንገደኛ የሰባት ቀን ኪኒን አስመጣ። ገብሩ አየበት። «እኔንም ጉንፋን ይዞኛል» አለ። ወዲያው ታምሩን ጥርሱን፣ ደምሴን ወገቡን አመማቸው። ኪኒኑ ለአራት ተከፈለ።

በሁለተኛው ቀን ማቃጠሉ ተወው። ሳምንት ሳይሞላ ብሶበት ተመለሰ። ሙላቱ ደግሞ በወሩ ሚስቱ ጋ ለእረፍት ሊሄድ ነው፤ እታፈራሁ ሦስት ዓመት ጠብቃዋለች። ይህን ይዞላት መግባቱ ከኢቃማው በላይ አስፈራውና ክሊኒክ ሄደ።

«መድኃኒቱን ጨርሰኸዋል?» አለችው ነርሷ ሐና፣ ያገሩ ልጅ።

«ለአራት ተካፈልነው፣ እህቴ፤ እኔን ከአንዲት ሴትዮ ነው የያዘኝ፣ እነሱ ግን ጉንፋን ነው፣ ጥርስ ነው አሉ።»

«መድኃኒቱን ሩብ ሩብ ወሰዳችሁ፤ በሽታውን ግን እያንዳንድሽ ሙሉውን ነው የያዝሽው» አለች፣ በንዴት አንቺ እያለችው። «አሁን ኪኒኑን ለምዶታል፤ በሌላ ነው የምትታከመው። አራታችሁም፣ ሴትዮዋም በአንድ ጊዜ። አንድ ሰው ከቀረ ዞሮ ይመጣባችኋል። እስክትድን ከማንም ጋር እንዳትተኛ፤ ከዚያም በኋላ ያለ ኮንዶም እንዳይሆን።»

ዓርብ ምሳ ላይ ነገራቸው። ገብሩ ስለ ጉንፋኑ ሊናገር አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

«ሴትዮዋ የት ሰፈር ናት?» አለ ታምሩ።

ሙላቱ ተናገረ። ሦስቱም መሬት መሬት አዩ። ለካ አራቱም ምስጢሬ ብለው ሲመላለሱ የከረሙት አንድ በር ኖሯል። ቅዳሜ ክሊኒክ ተሰለፉ፤ ሴትዮዋን ይዟት የመጣው ገብሩ ነው።

ሙላቱ ትኬቱን በሁለት ሳምንት አራዘመ። ለእታፈራሁ «ኢቃማዬ አልታደሰም» ሊላት ነበር። ድምጿን ሲሰማ ግን አፈረ፤ እውነቱን ነገራት።

«ዳን» አለችው፤ «እኔ ሳልጠራህ ግን እንዳትመጣ።»

ዳነ። የምርመራውን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ላከላት። ወረቀቱን አይታዋለች፤ መልስ ግን አልላከችም። ትኬቱን ሁለተኛ ጊዜ አራዘመው።